አባቴና አለቃ ክብሪት

ዛሬ ጠዋት ሻይ ልጥድ ብዬ ክብሪት አነሣሁና፣ ውስጡ እንጨት መኖሩን ለማወቅ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅሁት። ያቺ ቀጭን ኮሽታ ሻዩን አስረሳችኝ። ክብሪቱን እንደያዝኩ ወጥ ቤት መሃል ቆሜ ቀረሁ። የላምባና የሳሙና ሽታ፣ የረጠበ ጣውላ ሽታ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ።

የልጅ ልጄ፣ ባለፈው ኮምፒውተር እየተማርክ መሆኑን ስትነግረኝ የሣቅሁት ንቄህ አይምሰልህ። እኔም በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጃገረድ ሳለሁ፣ ኮልፌ ሱቃችን በረንዳ ላይ የሚማር ማሽን ሠርቻለሁ። ቁጭ በልና ልንገርህ።

አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ የከተመ ነጋዴ ነበር። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ሱቃችን ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ክርና መርፌ፣ ዶቃ፣ ምን ያልነበራት ነገር ነበር? ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚመጣው ለአባቴ ጨዋታ ነበር። ጨው ሊገዛ መጥቶ፣ ሲስቅ ቆይቶ፣ ጨውን ረስቶ የሚሄድ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ወሬ በአማርኛ ይጀምረዋል፣ ለአገሩ ሰው በጉራጊኛ ይቀጥለዋል፣ እንጨት ጭነው ከቡራዩ በኩል ለሚመጡት ደግሞ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል።

የዚያን ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት የሱቁን በር ከፍቶ መዝጊያውን ጣውላ በእጁ እንደያዘ ወደቀ።

ሐኪም ቤት ከርሞ ሲመለስ ቀኝ እጁ አይታዘዝም፤ ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ከዚያ ሁሉ ቋንቋ የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ "ነገ"። ራበዎት ወይ ሲባል "ነገ" ይላል። በረደዎት ወይ ሲባልም "ነገ"። ሲቆጣ "ነገ!" ብሎ ይጮኻል፤ ሲከፋው ያችኑ ቃል በሹክሹክታ ይላታል። ሐኪሙ እየተጣደፈ የነገረንን ማናችንም በቅጡ አልገባንም። ሰፈሩ ግን ፍርዱን ሰጠ። አእምሮው ሄደ ተባለ።

ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ እሱን ትቶ እናቴን ማየት ጀመረ። "ይበላል? ይተኛል? ሰውስ ይለያል?" ይሏታል፣ እሱ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ። እናቴም ቀስ በቀስ ለመደችው። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ጋቢውን ታስተካክልለታለች፤ ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው ግን በዝምታ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ብዙ አልተሻልኩም።

ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። እሑድ እሑድ ስኳርና ሥጋ ይዞ ይመጣል፣ የጎደለውን ይጠይቃል። ሰኔ ላይ ግን እናቴን እንዲህ አላት፦

"እትዬ፣ ክረምቱ ይውጣና ለመስቀል አገር ቤት ልውሰደው። እዚያው ዘመድ ይጦረዋል። እንዲህ ሆኖ ሱቅ በር ላይ መቀመጡ ለእሱም ውርደት ነው። ሱቁን እኔ እይዝላችኋለሁ።"

እናቴ አንገቷን ደፋች። እሺታዋ መሆኑን ሁላችንም አወቅን። አባቴም ሰምቶ ነበር። አጎቴን ትኩር ብሎ አየውና "ነገ፣ ነገ፣ ነገ" አለ። አጎቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገና "አይዞህ ጋሼ" ብሎት ሄደ።

የሒሳብ አስተማሪያችን ቀጭን፣ ኮት እጅጌው ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ወጣት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መሃል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ይሠራል። ያን ጊዜ ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር አይቶ የሚያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። "የኤሌክትሪክ አንጎል" ይሉታል፤ ሰው የማይጨርሰውን ሒሳብ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል ይላሉ። እኛ የሒሳብ ክበብ ልጆች ካላሳዩን ብለን ስንጨቀጭቀው፣ ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ይዞን ሄደ።

ያን ክፍል መቼም አልረሳውም። ስንገባ እንደ ጥር ማለዳ በረደን፤ ማሽኑ ሙቀት አይወድም አሉን። ግድግዳውን ይዘው የቆሙ ግራጫ ቁም ሣጥኖች፣ ብልጭ ድርግም የሚሉ ጥቃቅን መብራቶች፣ የጋለ ብረትና የአዲስ ወረቀት ሽታ። አንዱ ጥግ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆኑ ካርዶችን የሚውጠው መሣሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣል። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ደስታዬ ጮኾ እንዳያስወጣኝ ከንፈሬን ነክሼ ቆምኩ።

አስተማሪያችን ለእኛ ሲል ያዘጋጀውን ሒሳብ ሰጡት። መብራቶቹ ተንቦገቦጉ፣ ረጋ አሉ። መልሱን እንጠብቃለን፤ ማተሚያው ወረቀቱን ነክሶ ቀጥ አለ።

"በቃ፣ ጠፋ?" አልኩ።

ማሽኑን የሚያሠራው ሰውዬ ወረቀቱን እየመዘዘ ሣቀብኝ። "ምኑ ይጠፋል? እሱ አስቦ ጨርሷል። መልሱ ውስጡ አለ። አፉ ነው የተያዘው።"

የቀረውን ጉብኝት አላየሁትም፤ አልሰማሁትምም። አፉ ነው የተያዘው። አፉ ነው የተያዘው። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ከአስተማሪያችን አጠገብ ተሻምቼ ተቀመጥኩና እስክንነሣ እንኳ አልታገሥኩም።

"ጋሼ፣ የሰው አንጎልስ? እሱም አፉ ብቻ ሊያዝ ይችላል?"

የአባቴን ነገር ያውቃል። የረጠበውን መስኮት በመዳፉ ጠረገ። "ይችላል ብዬ አምናለሁ" አለኝ። "ግን በምን ታውቂያለሽ? በቃል ብትጠይቂው በቃል ነው መመለስ ያለበት፤ ቃሉ ደግሞ የለም።"

"በሌላ ነገር ብጠይቀውስ?"

ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ በራ። "አእምሮ ምን እንደሆነ በወሬ አይደረስበትም። ትንሽ ቁራጩን ሠርቶ ማየት ነው። ብዙ አገር ይህን የጀመሩ ሰዎች አሉ፤ የሚያስብ ማሽን ለመሥራት ሲሉ እግረ መንገዳቸውን ሰው እንዴት እንደሚያስብ ያጠናሉ።"

"ኮምፒውተሩን ለዚህ ይሰጡናል?"

"ኮምፒውተር ምን ያደርግልናል? ክብሪት የላችሁም እንዴ?"

"ጋሼ፣ እኛኮ ክብሪት ሻጮች ነን!"

በማግሥቱ ሱቅ መጥቶ ጨዋታውን አሳየኝ። ካርቶን ላይ ዘጠኝ ቤት ይሠመራል፣ በሦስት በሦስት። እዚህ ጫፍ ሦስት ቀይ ቆርኪ፣ እዚያ ጫፍ ሦስት ነጭ ቆርኪ። ቆርኪ ፊቱ ያለው ቤት ባዶ ከሆነ ወደ ፊት አንድ ቤት ይሄዳል፤ የሚበላው ግን በሰያፍ ፊቱ ያለውን ነው። ማዶ የደረሰ አሸነፈ፤ መላወሻ ያጣ ተሸነፈ። ሕፃን የሚችለው ጨዋታ ነው።

ማሽኑ ደግሞ እንዲህ ነው። ሰው ይጀምራል፣ ማሽኑ ሁለተኛ ይጫወታል። ሊገጥመው ለሚችለው ለእያንዳንዱ የቆርኪ አሰላለፍ አንድ የክብሪት ሳጥን አለው፤ ክዳኑ ላይ አሰላለፉ ተሥሏል። ውስጡ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ዶቃዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ መንገድ ነው። ተራው ሲደርስ አሰላለፉን የሚመስለውን ሳጥን ፈልገሽ፣ ነቅንቀሽ፣ ሳታዪ አንድ ዶቃ ታወጫለሽ፤ ቀለሙ ያዘዘውን ትጫወቺለታለሽ።

"ሲሸነፍ" አለኝ አስተማሪዬ፣ "መጨረሻ ላይ ያሳሳተችውን ዶቃ ወስደሽ አትመልሺለት። ቅጣቱ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አታስተምሪው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ታያለሽ።"

የክብሪቱን እንጨት ሁሉ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ዘረገፍኩት። እናቴ ስታይ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ክብሪት ያለ ሳጥኑ ማን ይገዛኛል? ምን ላይ ሊጭሩት ነው?" አለች። ዶቃውንም ከሱቁ ነው የወሰድኩት፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ሳጥኖቹን በሳሙና ካርቶን ላይ በሙጫ ደርድሬ፣ እርሳሴን እየቀረጽኩ ክዳኖቹ ላይ ስሥል ዋልኩ። ጣቶቼ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው እየሣቅሁ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ ማሽኑ ጅል ነበር። ሊበላው የሚችለው ቆርኪ በሰያፍ ተቀምጦለት እያለ ሌላ ቤት ይሄዳል። ዶቃ ወሰድኩበት። ደግሞ ተሸነፈ፤ ደግሞ ወሰድኩበት። የጎረቤት ልጆች ከበውን ያፌዛሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ነገሩ እየከበደ መጣ። ቀድሞ የወደቀባት ጉድጓድ ውስጥ አይወድቅም። በረዶ በሚወርድበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልቤን ሰጥቼ እየተጫወትኩ፣ ቆርኪዎቼ ሁሉ ተዘግተው መላወሻ አጣሁ። ካርቶኑን ደጋግሜ አየሁት። ማን ነው የዘጋኝ? ዶቃ? የማንንም ምክር ያልሰማ የወረቀት ሳጥን?

እንደ እብድ እየጮኽኩ በረዶው ውስጥ ወጣሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ፤ ጠጠሩ ራሴን ይደበድበኛል፤ እኔ እስቃለሁ። ምንም የማያውቅ ነገር አወቀ! ከስሕተት በቀር አስተማሪ የሌለው ነገር አወቀ! ከዚያ ወዲህ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ ያን የሚያህለውን ግን በጣቴ ነው የምቆጥረው።

ወሬው ቀራንዮ ሰፈር ድረስ ደረሰ። ዝናቡ ባባራ ቁጥር በረንዳችን በሰው ይሞላል። አንድ ፖሊስ ደጋግሞ ተሸንፎ ሲያበቃ፣ ቆቡን አውልቆ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ገልጦ ከሥር ሰው ተደብቆ እንደሆነ አጎንብሶ ፈተሸ። አንዲት ጎረቤታችን አማትባ ሄደች፤ በማግሥቱ ግን ለመጫወት መጣች። ማሽኑን "አለቃ ክብሪት" ብለው ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። "አለቃ ዛሬ እንዴት አደሩ?" ይላል እያንዳንዱ መጪ። እናቴ እንኳ ከገበያተኛው ብዛት የተነሣ መቆጣቷን ተወች።

አባቴ ከበሩ ጥግ አግዳሚው ላይ፣ ከእኔና ከሳጥኖቹ በስተጀርባ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይውላል። መጀመሪያ ቀን ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጌ "አባባ፣ ይጫወቱ እስቲ" ብዬው ነበር። በግራ እጁ ገፋ አድርጎ "ነገ" አለኝ። ደጋግሜ ለመንኩት፤ ሁልጊዜ ይገፋዋል። በሰው ፊት በማይታዘዝ እጅ መታየቱን የፈራ ይመስለኛል። ተስፋ ልቆርጥ ስል ግን አንድ ቀን ዓይኑን አየሁት። ዶቃው ከሳጥኑ ሳይወጣ፣ ዓይኑ ቆርኪው ሊሄድበት የሚገባው ቤት ላይ ቀድሞ ያርፋል። ደግሜ አየሁ። አሁንም ቀድሞ አረፈ።

ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። ጨው እየሰፈረች ነበር፤ ቀና ሳትል "በእግዜር ይዤሻለሁ፣ አታጓጊኝ" አለችኝ።

አዲሱ ዓመት እንደገባ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። የመስቀል ጉዞ ደርሷል፤ የአባቴን ነገር ሊቆርጡ ነው። አስተማሪዬ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ ነበር፤ ሊነሣ ሲል እጅጌውን ያዝኩት። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ ጠላ ቀረበላቸው፣ አንደኛው ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ካርቶኑን አጎቴ ፊት አስቀመጥኩት።

"አጎቴ፣ ከነገሩ በፊት አንዴ አለቃን ይግጠሙት።"

ሽማግሌዎቹ ሣቁ። አጎቴም እየሣቀ ገጠመ፣ ተሸነፈ። "ቆይ፣ ቆይ" ብሎ ደገመ፤ ተሸነፈ። ሦስተኛው ላይ ጆሮው ቀላ፤ ቆርኪውን ሰብስቦ "የልጅ ጨዋታ!" አለና ገፋው።

ያኔ አባቴ ከአግዳሚው ተነሣ። እግሩን እየጎተተ መጥቶ ከአጎቴ አጠገብ ተቀመጠና በግራ እጁ ቀዩን ቆርኪ ወደ ፊት ገፋ።

ሳጥኑን ነቀነቅሁ፤ ዶቃ አወጣሁ። ተጫወቱ። አባቴ ተሸነፈ። ደግሞ ጀመረ፤ ደግሞ ተሸነፈ። አጎቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ በሐዘን "ይኸው እንግዲህ" አለ።

አባቴ ግን አልጨረሰም። መዳፉን ካርቶኑ ላይ አሳረፈና ቀስ አድርጎ አዞረው። የማሽኑ ወገን ወደ እሱ መጣ። ሳጥኖቹን በክንዱ ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ በጣቱ አጎቴን አመለከተው፤ አንተ ጀምር ማለቱ ነው።

አጎቴ ግራ ገብቶት ጀመረ። አባቴ መለሰ። አጎቴ ተጫወተ፤ አባቴ ሳያመነታ መለሰ። የአጎቴ ቆርኪዎች ተዘጉ። እንደገና አሉ። አጎቴ አጀማመሩን ቀየረ፤ አባቴም አመላለሱን ቀየረ፣ ዘጋው። አንዱ ሽማግሌ "እስቲ እኔን" ብሎ ቀረበ፤ እሱንም ዘጋው።

አስተማሪዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። "ይህ ጨዋታ ምስጢር አለው" አለ። "ሁለተኛ የሚጫወተው ካልተሳሳተ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ራሷ ትድረስበት ብዬ ለልጅቷ እንኳ አልነገርኳትም። ለእኚህ ሰው ማንም አልነገራቸውም። ማሽኑ ከእናንተ ስሕተት ተማረ፤ እሳቸው ደግሞ ቁጭ ብለው ከማሽኑ ተማሩ።" ቀጥሎ ባርኔጣውን አውልቆ ለአባቴ እጅ ነሣ።

አጎቴ አባቴን አየው። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ራሱን አየው። ከበርጩማው ወርዶ ጉልበቱን አቀፈ።

"ጋሼ፣ እዚያው ነበርክ እንዴ? ይህን ሁሉ ጊዜ?"

አባቴ በደህና እጁ የአጎቴን ጆሮ ያዘና ሳብ አደረገው፤ ታላቅ ወንድም የሚያጠፋ ታናሹን እንደሚያደርገው። ከዚያ ሣቀ። ሣቁ አልተለወጠም ነበር፤ ያው ሱቁን የሚሞላው ሣቅ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን አንሥተው ጠጡ፤ የጉዞውን ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሱቁን ትቶ የትም አልሄደም። እኔ ጨውና ሳሙናውን ፊቱ እየደረደርኩ ቃል ላስመልስለት ብዙ ሞከርኩ፤ ጥቂቶች ተመለሱ፣ አብዛኞቹ እንደወጡ ቀሩ። አስተማሪዬ ለትምህርት ውጭ አገር ሄደ፤ ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠና ወሬው ጠፋኝ። አባቴም ሁለተኛውን ክረምት አልተሻገረም። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ከኮምፒውተር ጋር ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሰው ከዚያ ሁሉ ማሽን የትኛው ደነቀሽ ቢለኝ የምነግረው ግን የዚያን ቀን ማምሻ ያየሁትን ነው።

እንግዶቹ ሄደዋል። ፀሐይዋ ወደ ሳንሱሲ ሰፈር በኩል ዘንበል ብላ ጭቃው ላይ ታብለጨልጫለች፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ዕቃ አነሣለሁ። እናቴ በርጩማ ይዛ ወጣች። እንደ ወትሮው አጠገቡ አላስቀመጠችውም፤ ፊት ለፊቱ አድርጋ፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ ቀርባ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች። ትንሽ አፈረች መሰለኝ።

"እንግዲህ" አለችው ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ከፋሲካ ወዲህ ያልነገርኩዎት ስንት ነገር አለ መሰለዎት።"

ከዚያ ጀመረች። የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን አጥር በጎርፍ እንደተወሰደ፣ ገበያ ውስጥ ማን ከማን እንደተጣላና በምን እንደታረቁ፣ አንድ በአንድ። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ አንዱ ጋ ቅንድቡን ያነሣል፣ አንዱ ጋ ራሱን ይነቀንቃል። እሷ መሃል ላይ ቆም ትላለች።

"ይሰማሉ አይደል?"

ግራ እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ እጇን ሳታስለቅቅ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።